እትዬ ሙሉ የመረጡልኝ መብራት

ባለፈው ረቡዕ አመሻሽ ላይ የገዛ ወጥ ቤቴ ወለል ላይ በሆዴ ተኝቼ ነበር... ከላዬ መብራቱ ቦግ ብሏል፣ ምድጃው ላይ ሁለት እንቁላል እየተጠበሰ ነው፣ እኔ ግን መነሳት አልችልም።

ምክንያቱም እትዬ ሙሉ በረንዳቸው ላይ ወጥተዋል።

እትዬ ሙሉ እዚህ ካምፓላ፣ ሙቱንጎ ላይ አንድ ግቢ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ናካዋ ገበያ ውስጥ የመጋረጃና የአንሶላ ሱቅ አላቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኔም ብቻዬን ስለሆንኩ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። በረንዳቸው ደግሞ ከወጥ ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት ነው።

ሁዳዴ ሲገባ «ትጾማለህ አይደል?» አሉኝ።

«እንዴታ!» አልኩ። አፌን በቆረጠው!

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት በምሳ ዕቃ ይልኩልኛል። «አይዞህ፣ አብረን ነው የምንጾመው» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ምስሩን ጥርግ አድርጌ እበላና ማታ እንቁላሌን እጠብሳለሁ።

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይሄ ችግር አልነበረውም። ወጥ ቤቴ የነበረው አንድ ቢጫ አምፖል ነው፣ ጨለምለም ያለ... ከውጭ የሚታየው ጥላዬ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን እትዬ ሙሉ ምሳ ዕቃቸውን ሊወስዱ ገብተው ሽንኩርት ስከትፍ አገኙኝ።

«አንተ ልጅ፣ መብራቱ እኮ ከጀርባህ ነው! በራስህ ጥላ ላይ ነው የምትከትፈው። ጣትህን ቆርጠህ ልታርፍ ነው።»

ቅዳሜ ዕለት ይዘውኝ ናካዋ ሄዱ። ሻጩን ሦስት ዓይነት አምፖል አስበርተው መዳፋቸውን ከስር እየዘረጉ አዩ። «ቢጫው ለሳሎን ነው። ለወጥ ቤት ነጭ! ሽንኩርቱ መቅላቱና ማረሩ የሚለየው በነጭ ነው» አሉኝ። ከመደርደሪያው ስር፣ ልክ ከመክተፊያው በላይ የሚለጠፍ አንድ ረጅም መብራትም አስጨመሩኝ። ቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ እሱን እንደ ዱላ ታቅፌ ተመለስኩ።

«መጋረጃስ?» ብላቸው፣ መጋረጃ ነጋዴ ሆነው ሳለ ተቆጡኝ። «ምድጃ አጠገብ መጋረጃ? እሳት ልታስነሳ ነው?»

እውነት ለመናገር መብራቱ ግሩም ነው። የፈሰሰ በርበሬ እንኳን ቅንጣቱ ሳይቀር ይታየኛል። እኔም ከውጭ እንደምታይ ግን አላሰብኩም።

ረቡዕ ዕለት እንቁላሉን መጥበሻው ላይ ሰብሬ ቀና ስል... እትዬ ሙሉ ወደ እኔ እያዩ ቆመዋል። እጃቸውን አነሱልኝ። ሰላምታ ነበር። የእንቁላሉ ቅርፊት ግን እጄ ላይ ነው፤ ሳላስበው ዘጭ ብዬ ወለሉ ላይ ተኛሁ።

ማብሪያ ማጥፊያው መስኮቱ ጎን ነው። በሩም እንደዚያው። ስልኬ መስኮቱ ስር ካለው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ይጮኽ ጀመር... እሳቸው ናቸው፣ ሌላ ማን ይሆናል? እንቁላሉ ደግሞ ማረር ጀመረ። ጭሱ ሲበዛብኝ እጄን ብቻ ወደ ላይ ልኬ የጋዙን ማጥፊያ ዳብሼ ዳብሼ አገኘሁት፣ አጠፋሁትና እጄን ሰበሰብኩ።

በኋላ እንደነገሩኝ፣ እሳቸው በዚያ ነጭ መብራት ያዩት ይሄንን ነው። ልጁ ወደቀ። ስልክ አያነሳም። ጭስ ወጣ። አንድ እጅ ብቅ አለች፣ አየር ላይ ተወራጨች፣ ጠፋች።

«ኡኡ! ልጄን!»

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የቤቴ በር ተደበደበ። የግቢው ዘበኛ በአገሩ ቋንቋ «ሰቦ! ሰቦ!»፣ ጌታዬ! ጌታዬ! እያለ የብረት በሩን ይነቀንቀዋል። ከፈትኩ። እትዬ ሙሉ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት። ከዚያ ሽታው ደረሳቸው መሰለኝ፣ ዓይናቸው ወደ መጥበሻው ሄደ።

«እንቁላል ነው?»

«ሐኪም... ሐኪም አዞኝ ነው።» ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

«ምን አገኘብህ?»

«ደም ማነስ።»

ዘበኛውን አመስግነው ሸኙት። ወንበር ስበው ቁጭ አሉ። «ባለቤቴም ሕመሙን እንዲህ ነው የደበቀኝ» አሉ። «እንዳትጨነቅ ብሎ... የነገረኝ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።» ማልቀስ ጀመሩ።

ወለሉ ላይ ሳለሁ መውጫ ያጣሁ መስሎኝ ነበር። መውጫ ያጣሁት ግን ያኔ ነው። ዝም ብል እኚህ እናት በእኔ በጤነኛው ምክንያት እንቅልፍ ሊያጡ ነው። ብናገር ደግሞ ያን ሁሉ ምስር የበላሁት በውሸት ነው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«እትዬ ሙሉ... ምንም አላመመኝም። እየጾምኩ አይደለም። እንቁላል አምሮኝ ነው።»

እንባቸውን ጠረጉ። ተነስተው መጥበሻውን አነሱ፣ ያረረውን ፍቀው ጣሉና «ደህና እደር» ብቻ ብለውኝ ወጡ።

ሐሙስ ምሳ ዕቃ አልመጣም። የፈራሁት እሱን ነበር... ሆዴ ባባ።

አርብ ከሥራ ስመለስ ዘበኛው አንድ ፌስታል አቀበለኝ። ውስጡ ምሳ ዕቃ አለ፣ ምስር። ከስሩ ደግሞ የታጠፈ መጋረጃ፣ በወጥ ቤቴ መስኮት ልክ የተሰፋ። ደወልኩላቸው።

«ከምድጃው ራቅ አድርገህ ስቀለው» አሉኝ። «ስትጠብስ ትዘጋዋለህ። ወለል ላይ እየተኛህ ብርድ ይመታሃል።»

ሰቀልኩት። ዘጋሁት። ነጩን መብራት አበራሁ፣ ሁለት እንቁላል አወጣሁ... ትንሽ ቆሜ አየኋቸውና መልሼ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኳቸው።

አይ እትዬ ሙሉ... ይኸው ማንም በማያየኝ ወጥ ቤት ውስጥ ስጾም ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው።