የአምስተኛ ክፍል ጣራ

መምህርት ጸሐይነሽ ሞቱማ ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ ሴት ነበረች። የጊምቢ ልጅ ናት፤ ስትናደድ እንኳ ከንፈሯን ነክሳ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች እንጂ ሰው አትሰድብም። ታዲያ በ1980 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ይቺው ሴት አንዲት ቃል ብትናገር የአንድ መንደር ወንድ ሙሉ በሙሉ ጫካ ገባ። ቃሏ እርግማን አልነበረችም። ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር የምትሰማ፣ ማንንም የማታስደነግጥ የምትመስል ቃል ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጸሐይነሽ የምታስተምርበት መንደር ከአሶሳ ወጣ ብሎ ለወሎ ሠፋሪዎች የተቆረቆረ ነበር። መንግሥት ሰዉን ከነጓዙ አምጥቶ ሲያሠፍር ስም ለማውጣት ጊዜ ያጣ ይመስል ለመንደሩ ቁጥር ብቻ ሰጥቶታል። ትምህርት ቤቱ ግን የሠፋሪዎቹ ብቻ አልነበረም። ከቀርከሃው ጫካ ማዶ ካለችው የበርታዎች መንደርም ልጆች እየመጡ ይማሩበት ነበር። ጉዱ ከአራተኛ ክፍል አለማለፉ ነው። አምስተኛ ያለበት ትምህርት ቤት ከትልቁ ወንዝ ማዶ ሲሆን፣ ወንዙ ክረምት ከገባ በኋላ ጥቅምት እስኪጋመስ ድረስ ልጅ አያሻግርም። እናም አራተኛን ያለፈ ልጅ ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ወንዱ ማሳ ይወርዳል፣ ሴቷ ትዳራለች።

ይህ ነገር ጸሐይነሽን ያንገበግባት ነበር። የዘንድሮዎቹን አራተኞች ሀ ሁ ያስቆጠረቻቸው እሷ ናት። አማርኛ አንድ ቃል የማያውቁ የበርታ ልጆችና ገና ከመኪና ወርደው ሌሊት ሌሊት የሚባንኑ የሠፋሪ ልጆች አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲጣሉም ሲታረቁም አይታለች። አሁን በየቤታቸው ሊበተኑ ነው መባሉ ሊዋጥላት አልቻለም። የአውራጃው ሱፐርቫይዘር በሚያዝያ ሲመጣ ይዛ አልለቅ ብትለው፣ ትምህርት ቤቱ በሚዘጋበት ቀን ተመልሶ ጣራ ያለው አንድ ተጨማሪ ክፍል ካየ ለመስከረም አምስተኛን እንደሚከፍት፣ ካላየ ግን የተመደበው መምህር ወደ ሌላ መንደር እንደሚሄድ ነገራት። ርዕሰ መምህሩ በወባ ታሞ አሶሳ ተኝቷል። ጉዳዩ ሁሉ በእሷ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ግድግዳው እንደምንም ቆመ። የሠፋሪዎቹ ሴቶች፣ የወርቅውሃ የምትባል ምላሷም ጉልበቷም የማይበርድ የወረባቦ ሴት ከፊት እየመራቻቸው፣ ቀርከሃ ፈልጠው፣ ጭቃ ረግጠው መረጉት። ጣራው ላይ ግን ነገር ቆመ። ወንዶቹ የወል እርሻው ሳይዘራ እንዳያልፍ ከንጋት እስከ ምሽት ማሳ ላይ ናቸው። ሣር ቢፈለግ ደግሞ በዚያ ወቅት ያለው ለምለም ነው። በበጋ የታጨደ ደረቅ ክምር ያላቸው የማዶዎቹ በርታዎች ብቻ ነበሩ። ሰማዩ በበኩሉ ማንንም አልጠበቀም፤ አንድ ሌሊት ዘንቦ የምሥራቁን ግድግዳ ልጅ እንደላሰው ማር አደረገው።

ጸሐይነሽ ጊዜ አላጠፋችም። የማዶ ተማሪዎቿን ሰብስባ ለአባቶቻቸው እንዲህ ብለው እንዲነግሩ አዘዘቻቸው፤ ነገ ለትምህርት ቤቱ ዘመቻ አለ፣ ወንድ የተባለ ሁሉ ይውጣ። ቃሉን ስትመርጥ ክፉ አላሰበችም። ለእሷ ዘመቻ ማለት የወጣትነቷ ደስታ ነበር። ማትሪክ ሳትወስድ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ወርዳ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴቶች ስማቸውን ጽፈው ሲስቁ ያየችበት ነው። መምህርነትን የወደደችውም ያኔ ነው።

በማግስቱ አንድ ወንድ አልመጣም። የማዶ ልጆችም አልመጡም። ጸሐይነሽ እስከ ረፋድ ድረስ ሣር የተሸከመ ሰው ይታይ እንደሆነ መንገዱን ስታይ ቆይታ፣ ቀልቧ ነገር ጠረጠረና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ጫካውን አቋርጣ ሄደች። መንደሩ ስትደርስ ከሴቶችና ከሕፃናት በቀር የሚንቀሳቀስ የለም። ሴቶቹ ሲያዩዋት ወደ ውስጥ ገቡ። ያቺ በየደጃፉ «ኡስታዛ»፣ መምህርታችን፣ እየተባለች የምትጠራ ሴት ዛሬ የሚያናግራት አጣች፤ ይህም እንደ ጥፊ ተሰማት።

ከዛፍ ሥር የቀሩት ሼህ ጀዕፈር ብቻ ነበሩ። የአራተኛ ክፍሏ ጎበዝ የኢቲዳል አያት ናቸው። መሮጥ ስለማይችሉ ይሁን ስለማይፈልጉ፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ወንዶቹ የት እንደሄዱ ጠየቀቻቸው። አዩዋትና እንድትቀመጥ በእጃቸው አመለከቷት።

«ኡስታዛ፣ አንተ ልጅ ላከ፣ ዘመቻ አለ» አሏት በዚያ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛቸው። «ዘመቻ እኛ ያውቃል። የኔ ልጅ ዘመቻ ሄደ። ሦስት ክረምት ሆነ። አልመጣም።»

ጸሐይነሽ ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች። ኢቲዳል ስለ አባቷ ተናግራ አታውቅም፤ እሷም ነጋዴ ይሆናል፣ ወደ ሱዳን ድንበር ኩርሙክ ወርዶ ይሆናል ብላ አልፋው ነበር። ሽማግሌው የልጃቸው እናት ስሙን ስትሰማ እህል ውሃ ስለማትል በቤታቸው ስሙ እንደማይነሣ ነገሯት። ዓመቱን ሙሉ በየጠዋቱ የምትጠራቸው ልጆች ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ሳታውቅ መኖሯ አሳፈራት።

ይቅርታ ጠየቀች። ሰው ለማስያዝ ሳይሆን ጣራ ለማልበስ እንደሆነ አስረዳች። ያኔ ሼህ ጀዕፈር ጥርስ በሌለው አፋቸው ፈገግ ብለው፣ እንዲህ ያለው ሥራ በነሱ ዘንድ ነፊር እንደሚባል፣ ነፊር ደግሞ በልጅ አፍ እንደማይጠራ፣ ጠሪው ራሱ በየደጁ ዞሮ የሚሠራውን ሥራና የሚበላውን ምግብ እንደሚናገር ነገሯት። እሷም ዞረች። ሰዎቹ ሲመሽ ከጫካ ሲመለሱ ጠብቃ፣ በማግስቱም ተመልሳ፣ በየደጃፉ ቆማ «ነፊር» እያለች፣ ጣራ ነው፣ ገንፎ አለ እያለች ለመነች። አንዳንዱ ሳቀባት። ጁምዓ የሚባል ወጠምሻ፣ ወታደር ከቀርከሃው ኋላ ቢደበቅስ ብሎ ፊት ለፊት ጠየቃት። እሷም መንግሥት ነገ የሚያደርገውን አላውቅም፣ እኔ ግን አልጠራሁም አለችው። ከዚህ በላይ ቃል ልትሰጠው አልቻለችም፤ ሐሰት መናገር ደግሞ አልሆነላትም።

ገንፎው ሌላ ጣጣ አመጣ። የወርቅውሃ ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። በወሎ ገንፎ የአራስ ምግብ ነው፤ ጣራ ላይ ለሚውል ጎልማሳ ገንፎ ማቅረብ ለእሷ ከስድብ አይተናነስም። እንግዳዬን አራስ ቤት ላስተኛው ወይ እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ዋለች። ጸሐይነሽ ግን ፍንክች አላለችም። እነሱ የሚበሉት እሱን ነው፣ የጠራሁትም በእሱ ነው አለቻት። በመጨረሻ የወርቅውሃ ከየቤቱ የማሽላ ዱቄትና የእርዳታ ዘይት ሰበሰበች፤ ሰው በተሰበሰበበት ሰዓት ግን ስለ አራስ እየቀለደች ነበር የምታገነፋው።

የመዝጊያው ዕለት ጠዋት፣ ሣር የተሸከሙ ሰዎች ከቀርከሃው መሐል ብቅ ብቅ አሉ። ጁምዓ ሳይቀር መጣ። ጸሐይነሽ ያን ስታይ እንባዋ መጣ፤ ልጆች እንዳያዩባት ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞራ ያልተጻፈበትን ጠረገች። ሥራው ደራ። ከታች ይወረውራሉ፣ ከላይ ይቀልባሉ፣ ያስራሉ። ቀትር ላይ ግማሹ ጣራ ለብሶ፣ ግማሹ ሰማይ እያሳየ ሳለ ሱፐርቫይዘሩ ደረሰ። ብቻውን ግን አልመጣም፤ የሠፈራ ጣቢያው ኃላፊ ሰው መሰብሰቡን ሰምቶ ንግግር ሊያደርግ አብሮት መጥቷል።

ኃላፊው መጥፎ ሰው አልነበረም፣ አፉ ብቻ አያርፍም። ማንም ሳይጋብዘው ድንጋይ ላይ ወጣና ጀመረ። ይህ ሥራ የሰፊው ሕዝብ የልማት ዘመቻ ውጤት ነው አለ። ዛሬ የታየው የዘመቻ መንፈስ ነገም ይቀጥላል አለ። ቃሏን ሁለቴ ሲደግማት ጣራው ላይ እጆች ቆሙ። አንድ እስር ሣር ተንሸራትቶ ወደቀ። ጁምዓ እግሩን ወደ መሰላሉ ላከ። ጸሐይነሽ ሰማዩን አየች፤ ደመናው በምዕራብ በኩል ጠቁሯል፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ጊዜ ከወረዱ ጣራውም ክፍሉም ልጆቹም አለቀላቸው። ኃላፊውን አፉን ይዛ ልታስቆመው ምንም አልቀራትም ነበር።

ሼህ ጀዕፈር በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። ጣራ ወዳሉት ቀና ብለው በበርታ ቋንቋ አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ተናገሩ። ጸሐይነሽ ከዚያ ውስጥ የለየቻት «ነፊር» የምትለዋን ብቻ ነው። ኃላፊው ንግግሩ በመቋረጡ ቅር ብሎት ምን እያሏቸው እንደሆነ ጠየቀ።

«ጌታው የሚለው ነፊር ነው አልኩ።»

«ነፊር ምንድን ነው?»

«ዘመቻ ነው» አሉት ሽማግሌው ዐይናቸውን ሳይነቅሉ። «ግን ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል።»

ኃላፊው የሽማግሌውን ፊት አየ፣ ጣራ ላይ የቆሙትን አየ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። ዘመቻ የምትለዋን ቃል ከየት እንደሚያውቋት ሳይገባው አልቀረም። «እንግዲህ… ነፊሩ ይቀጥል» አለና ከድንጋዩ ወረደ። ጁምዓ እግሩን ከመሰላሉ መለሰ። የወርቅውሃም ለኃላፊው አንድ ገበታ ገንፎ ሰጠችው፤ አራስ አስመስላ ጥጉ ላይ አስቀምጣ ነው የሰጠችው።

ዝናቡ የወረደው የመጨረሻው እስር በታሰረ ጊዜ ነው። ሰዉ ሁሉ፣ ሠፋሪውም በርታውም፣ አዲሱ ክፍል ውስጥ ተፋፍጎ ገባ። ከአንድ ጥግ በቀር አላፈሰሰም። ሱፐርቫይዘሩ ጣራውን አንጋጦ አይቶ፣ በመስከረም አምስተኛ ይከፈታል፣ የተመደበው መምህር የእርስዎን ክፍል ይረከባል፣ አምስተኛን የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት አላት። ጸሐይነሽ ወደምታውቀው ሥራ ገባች፤ ያለፉትን ልጆች ስም መጥራት ጀመረች። ልጆቹ አቤት እያሉ ይነሣሉ፣ ይጨበጨባል።

«ኢቲዳል ዐወድ» አለች።

ልጅቱ አቤት ብላ ተነሣች። ጭብጨባው ሊጀመር ሲል ሼህ ጀዕፈር እጃቸውን አነሡ። ፊታቸው ላይ የወረደው ዝናብ ነው እንዳይባል እሳቸው የቆሙት የማያፈሰው ጥግ ነበር።

«ኡስታዛ፣ አንድ ጊዜ ጨምር።»

ጸሐይነሽ ገባት፤ በቤታቸው የማይነሣው የልጃቸው ስም ዐወድ ነበር። ድምፅዋን ከዝናቡ በላይ አውጥታ ጠራች። «ኢቲዳል ዐወድ ጀዕፈር!»

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ። ቆይተው፣ በመስከረምም እንዲህ ይጠራል ወይ ብለው ጠየቁ።

«ጠዋት ጠዋት ይጠራል አባቴ» አለቻቸው። «በየቀኑ።»

ሼህ ጀዕፈር ይህን ከሰሙ በኋላ ጁምዓን በምርኩዛቸው ጫፍ ነካ አድርገው ወደሚያፈሰው ጥግ አመለከቱት። ዝናቡ ጋብ እንዳለ ወጥቶ እንዲደፍነው አዘዙት።