ያለ ጓርኒሲዮን የተለካው ሞተር

ሰፈሩ «ጋሼ ሚሊ» ይለዋል፤ ሚሊሜትር ማለት ስለረዘመበት። ሞተር ሲገጥም ፀጉር ለምታህል ልዩነት ከሰው የሚጣላ መካኒክ ነው። ከባዳ ጋር ብቻ ቢጣላ ደግ ነበር። እሱ ግን አብሮት የሚሠራውን አማቹን፣ የአንድ ልጁን ባል፣ ልኬት ሳትክ ብሎ ደንበኛ ፊት «አንተ እንኳን ሞተር የጫማህንም ቁጥር አታውቅ!» አለው። አማችየው መፍቻውን አስቀምጦ ከመንገዱ ማዶ ያለ ጋራዥ ገባ። ልጅቱም «ባሌ የተዋረደበትን ደጅ አልረግጥም» ብላ ቀረች። ጋሼ ሚሊ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ይላል፤ ይቅርታ መጠየቅ ግን ሞት ሞት ይሸተዋል።

ሰሞኑን የአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሞተር ያዘ። የሞተሩ ክዳን፣ መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት፣ ተልጎ ዝቅ ስላለ ቫልቮቹን ከታች እየገፉ የሚከፍቱት ቀጫጭን ዘንጎች ረዘሙበት፤ በልኩ አዲስ ማሠራት ግድ ሆነ። ሲያዞሩት የሚረዝምና የሚያጥር መለኪያ ዘንግ ከትቶ ለካ። ትንፋሹን ውጦ ደገመው። ሰለሰው። ከቴስታታው ሥር የሚነጠፈውን አዲስ ጓርኒሲዮን ግን አቧራ እንዳይነካው ከነላስቲኩ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነበር። ጥንቃቄ ሲበዛ እንዲህ ነው።

ዘንጎቹ ተሠርተው መጡ፤ ሞተሩ ከነጓርኒሲዮኑ ተገጠመ። ሲነሳ ሰፈሩን በቀጭ ቀጭ አናወጠው። አማችየው ድምፁን ሰምቶ ከማዶ መጣ። ጎንበስ ብሎ አየና ወደ ጋሼ ሚሊ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ሲለኩ ጓርኒሲዮኑ ገብቶ ነበር?»

ጋሼ ሚሊን ላብ አጠመቀው። የጓርኒሲዮኑን ውፍረት ያህል ዘንጎቹ አጥረዋል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ባለመኪናው።

«ዘንጎቹን የቆረጡት ሰዎች አሳጥረዋቸው ነው። የእሳቸው ልኬት ልክ ነው» አለ አማችየው ቀበል አድርጎ።

ጋሼ ሚሊ ዝም ቢል ስሙ ይተርፍ ነበር። ነገር ግን እሱ ይህን ልጅ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሸፍኖት አያውቅም።

«ውሸቱን ነው!» ብሎ ጮኸ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ያለ ጓርኒሲዮን ለካሁ። አንተስ ብትሆን ሰው ፊት መዋሸት ከማን ተማርክ?» መቆጣቱን እንኳ አልተወም።

አማችየው እየሳቀ ስልኩን አወጣና ደውሎ ሰጠው።

«ወዬ ፍቅር» አለች ልጁ።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ ሚሊ። «ባልሽን ያን ቀን... ያለ ጥፋቱ ነው ያዋረድኩት።»

ልጅቱ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ።

«አባዬ» አለች፣ «ምሳ በልተሃል?»