የአባቴ አገጭ

የታችኛው መንጋጋዬ ከላይኛው አልፎ ነው ያደግሁት። የበቆሎ እሸት በፊት ጥርሴ መጋጥ አልችልም ነበር። ዕድሜዬን በአንድ ጎን ሳኝክ ኖሬ ጆሮ ግንዴ ሥር መጠዝጠዝ ሲጀምረኝ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ሐኪሞቹ አጥንቱን ቆርጠው ወደ ኋላ ገፉትና በትናንሽ ብሎኖች አሰሩት። ወደምኖርበት ባሕር ዳር የተመለስሁት የላይና የታች ጥርሴ በላስቲክ ተጠፍሮ ነው።

በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ብቻዬን፣ መርፌው በወለቀ ስሪንጅ አጥሚትና የተጣራ የምስር ሾርባ በጉንጬ በኩል እያስገባሁ ሰነበትሁ። እናቴ ያለችው ከጣና ማዶ፣ ቁንዝላ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት መጥታ ልታስታምመኝ አልቻለችም፤ ከሰዓት በኋላ ግን ትደውላለች። እኔ መናገር ስለማልችል ስልኩን በጥፍሬ እመታለሁ፤ አንዴ ከሆነ አዎ፣ ሁለቴ ከሆነ አይደለም ማለት ነው።

"በላሽ?"

አንዴ መታሁ።

"ያምሻል?"

ሁለቴ መታሁ። ያመኝ ነበር። ከዚያ ስለ ዓሣው መጥፋት፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ታወራልኛለች። ስትዘጋው ቤቱ ጭር ይላል።

አንዳንድ ቀን አፌን በነጠላ ሸፍኜ ወደ ሐይቁ ዳር እወጣ ነበር። ሰው ያለበት መቀመጥ እፈልጋለሁ። አጠገቤ ሰው ሲቀመጥ ደግሞ፣ ያናግረኝ ይሆን ብዬ እነሣለሁ።

ላስቲኩ ሲፈታልኝ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። የምሠራው አንድ ኮሌጅ ውስጥ፣ የተማሪዎች ምዝገባ ክፍል ነው። በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ጠየቀኝ። ድምፄን ሲሰማ ደነገጠ።

"አንቺ ነሽ እንዴ? ይቅርታ እህቴ፣ አላወቅሁሽም።"

ቢሮ ውስጥ ሁሉም አማረብሽ አሉኝ። ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ፣ "ለመቆንጀት ብለሽ ነው ያን ሁሉ የተሠቃየሽው?" አለችኝ።

"ማኘክ አቅቶኝ ነው" አልኋት። ሳቀች።

ምሳ ሰዓት ላይ ጥብስ ሊበሉ ሲወጡ መጀመሪያ ይጠሩኝ ነበር። አልችልም ስላቸው ቆይተው መጥራቱን ተዉት። እኔም በወተት የራሰ ዳቦዬን በማንኪያ እየበላሁ ቢሮው ውስጥ እቀር ጀመር።

በአንድ ቅዳሜ ቁንዝላ ሄድሁ። እናቴ በሩን ይዛ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ አገጬን በሁለት እጇ ያዘችው።

"አባትሽ ከሞተ ወዲህ እሱን የማየው እዚህ ላይ ነበር" አለችኝ።

ይህን ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። "ሳልሄድ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኋት።

"ብነግርሽ ትቀሪ ነበር። ሰው መብላት አለበት።"

የሠራችውን ዓሣ አጥንቱን እየለቀመች አቀረበችልኝ፤ እኔም ቀና ብዬ ሳላያት በላሁ።

በማግሥቱ ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ። አሁን ሁሉን አኝካለሁ፤ የጆሮ ግንዴ ሕመምም ትቶኛል። የታችኛው ከንፈሬ ግን እስከ ዛሬ እንደደነዘዘ ነው። ወጥ ቢነካው አይሰማኝም፤ ጥረጊ የሚለኝ ሰው ያስፈልገኛል። ቤቴ ብቻዬን ስበላ መስታወት ከፊቴ አቆማለሁ።