የኳስ ሜዳው በር ቁልፍ

ባለፈው እሑድ ቦሌ ሚካኤል ወንድሜ ታደሰ ቤት ቁጭ ብለን ቴሌቪዥን እናያለን። ክርክሩ ስለ ኳስ ሜዳ ነው፤ ሰው ቆሞ የሚያይበት ደረጃ ይፍረስና ሁሉም ቦታ ወንበር ይሁን ወይስ እንዳለ ይቅር እያሉ። አንዱ ከረባቱን አስተካክሎ፣ «ችግሩ ቆሞ የሚያየው ሕዝብ ነው፤ ሥርዓት የለውም» አይል መሰላችሁ! ደሜ ፈላ። «አፈር ብላ!» አልኩት። ታደሰ ቀኝ እግሩን በርጩማ ላይ እንደዘረጋ ሳቀብኝ። እሱ ይሳቅ። እኔ ግን ያችን ንግግር ድሮም ሰምቻታለሁ፤ ሰምቼም አጨብጭቤላታለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ያኔ ቦሌ ሚካኤል ከቤቱ ማሳው ይበዛ ነበር። የቀበሌያችን ኳስ ሜዳ በአንድ በኩል ዳገት ነበረው። እሑድ እሑድ ለዘመቻ እየተጠራን፣ አልመጣም ማለት የለም፣ ዳገቱን በዶማ እርከን እርከን አድርገን ቆፈርነው። መቆሚያ ደረጃችን እሱ ነው፤ ድንጋይ የለው፣ ሲሚንቶ የለው። ግርጌው ላይ የቆርቆሮ አጥርና አንድ በር አለ። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው። ይህን ማን ልብ ይለዋል፤ እኛ የምናስበው ስለ ኳሱ።

ጨዋታ ካለ ንግግር አለ። ሰው ደግሞ ብልጥ ነው፤ ፊሽካው እንደተነፋ ሹልክ ይላል። ስለዚህ የቀበሌው ሊቀ መንበር ዘዴ አበጀ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በሩ ከውጭ በሰንሰለት ይቆለፋል፣ ንግግሩ ሲያልቅ ይከፈታል። ቁልፉን የምይዘው እኔ ነበርኩ። የሃያ ዓመት ልጅ፣ የወጣት ማኅበሩ ታማኝ፣ ቁልፌን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ። እንዴት እንደምኮራ!

ታደሰ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። የሰፈሩ አጥቂ እሱ ነበር። አንድ የፋብሪካ ቡድን መርጦት ሰኞ ሊፈርም ነው፤ ሥራም አብሮ ይሰጡታል። ያን ቅዳሜ እናታችን፣ «ዛሬ እንዳትጫወት፣ እግርህን ይሰብሩብኛል» አለችው። እሺ ብሎ ቆሞ ሊያይ ሄደ። ሲገባ ከያዘው ሸንኮራ ግማሹን ሰብሮ ሰጠኝና፣ «ባለ ቁልፏ፣ ደግሞ እንዳትቆልፊብኝ» ብሎ ቀለደ።

ወሩ ሚያዝያ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቆለፍኩ፤ ሊቀ መንበሩ ንግግሩን ጀመረ። አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ያቆምና ያለውን ከመጀመሪያው ይደግማል። የዚያን ዕለት ደግሞ አውሮፕላኑ በዛ። በመሐል ዝናቡ ዱብ ዱብ አለና ወዲያው ዶፍ ሆነ። የቆፈርነው እርከን ጭቃ ሆኖ ቀረ። ከላይ የቆመው ከታች ባለው ላይ ይንሸራተታል፣ ያም ወደ በሩ።

መጀመሪያ በሩ ጋ የደረሱት ጥቂት ነበሩ። ታደሰ አብሯቸው ነበር። «ጽጌ! ክፈቺ፣ ሰዉ እየተንሸራተተ ነው!» አለኝ። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ድምፅ ማጉያውን እያዳመጥኩ «ይውደም!» እስኪባል ጠበቅኩ፤ የንግግሩ መጨረሻ ሁልጊዜ እሱ ነበርና። «ጽጌ፣ በእናታችን!» አለ። ያኔ ብከፍተው ይከፈት ነበር። ቁልፉን ጨብጬ ተገተርኩ። ጩኸቱ ወደ ለቅሶ ሲለወጥ ነው ሰንሰለቱን የፈታሁት። በሩን ብገፋው ማን ሊነቃነቅ! ሕዝቡ ተደግፎታል። በመጨረሻ ቆርቆሮው ራሱ ከነእንጨቱ ወደ ውጭ ወደቀ፤ ሰውም በላዩ ፈሰሰ። ታደሰን ከሥር ስናወጣው ጉልበቱ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፎ ነበር። ሰው አልሞተም፣ ተመስገን ተባለ። ሰኞ ዕለት የፋብሪካው ሰዎች ቤት ድረስ መጥተው እግሩን አዩትና አይዞህ ብለውት ሄዱ።

በሳምንቱ ስብሰባ ሊቀ መንበሩ፣ «አደጋው የደረሰው ሕዝቡ ሥርዓት ስለሌለው ነው» አለ። ስለ ሰንሰለቱ ትንፍሽ አላለም። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ለታደሰም፣ «ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲጮህ ድምፅህን አልሰማሁም» አልኩት። «ይሆናል» አለኝ። እስከ ዛሬ የኖርኩት በዚያች ውሸት ነው።

ባለ ከረባቱን የረገምኩት ለዚህ ነው። ወንበር ይሁን ደረጃ እነሱ ይወቁት። በሩን ማን እንደቆለፈ ሳይጠየቅ የቆመው ሰው ሲወቀስ ግን አልችልም። ቴሌቪዥኑን ላጠፋ ስነሳ ታደሰ፣ «ተዪው» አለኝ። ጉልበቱን እያሻሸ፣ «ያን ቀን ስጠራሽ እውነት አልሰማሽኝም?» አለ።

ያችው ዝናብ አፌ ላይ መጥታ ነበር። ዋጥኳት።

«ሰምቼሃለሁ» አልኩት። «ሁለቱንም ጊዜ።»

ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለም።

«አውቃለሁ» አለ። «ከበሩ ሥር ጫማሽ ይታየኝ ነበር።»