ኮረብታው ላይ የበላነው ሥጋ

ትእዛዙ አጭር ነበር። «ጎህ ሳይቀድ ኮረብታውን ያዙ፤ በሦስተኛው ቀን ትቀየራላችሁ።» ሠላሳ አራት ሆነን ወጣን። የወረድነው በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው።

ስለዚያ ኮረብታ ለቤተሰቤም ብዙ አውርቼ አላውቅም። ዘንድሮ እንድናገር ያስገደደኝ አበራ ነው። አበራና እኔ አንድ ምሽግ ውስጥ የኖርን ሰዎች ነን። ዛሬ እሱ እሪ በከንቱ ሰፈር ይኖራል፤ እኔ ፒያሳ ሰዓት እጠግናለሁ። አበራን ስኳር በሽታ ከያዘው ቆይቷል። ከጥቂት ወራት በፊት ስልኩ ላይ ያየውን አምኖ ሥጋ ብቻ መብላት ጀመረ። እንጀራ የለ፣ ጎመን የለ፣ ብርቱካን የለ። ጠዋት ጥብስ፣ ማታ ቁርጥ። ረቡዕና አርብ መጾሙን እንኳ ተወ። እውነት ለመናገር ቦርጩ ጠፋ፣ ፊቱ ጠራ፣ የቸርችልን ጎዳና ሽቅብ ሳያርፍ መውጣት ቻለ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ሥጋ ቤት አብሮት መሰለፍ ጀመረ፤ ግማሹ ልቡ ሊቆም ነው አለ። ማኪያቶ በያዝን ቁጥር ክርክር ነው። የአበራ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «እኛ ኮረብታ ላይ ሥጋ ብቻ በልተን እንደ አንበሳ ተዋግተናል። ይልማን ጠይቁት።» እኔም እየሳቅሁ ዝም እል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሴት ልጁ ህሊና ሱቄ ድረስ መጣች። አባቷ የስኳር መድኃኒቱን ካቆመ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው፣ የእግሩ አውራ ጣት አብጦ ጫማ አልገባው እንዳለ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለው እንደተቆጣት ነገረችኝ። «ጋሽ ይልማ፣ ምስክር አድርጎ የሚጠራው እርስዎን ነው» አለችኝ። «የሚለው እውነት ከሆነ ይንገሩኝና ልተወው።»

መነጽሬን አወለቅሁ።  ሱቁን ዘግቼ አብሬያት ቁልቁል ወረድኩ፤ እሷ ወጣቷ ልትደርስብኝ አልቻለችም።

አበራ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ምስክሩ የመጣ መስሎት ደስ አለው። ህሊናን አጠገቤ አስቀመጥኳትና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ኮረብታውን ስንይዝ ለሻለቃው ጦር እርድ የተነዱ ስምንት በሬዎች ከኋላችን ደረሱ። በማግስቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መንገዱ ተቆረጠ። ውሃ ከኮረብታው ጀርባ ነበረን። ደረቁ ስንቃችን፣ ኮቾሮው፣ በአራት ቀን አለቀ። ከዚያ በኋላ ሥጋ ብቻ ሆነ። ደስታችን ልክ አልነበረውም፤ አብዛኞቻችን ሥጋ ጠግበን የምናውቀው በዓውደ ዓመት ነው። በአምስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ አጠቁን። መለስናቸው። በሰባተኛው ቀን ሁለት ጊዜ መጡ። መትረየሱ ጋለ። ሁለቱንም ጊዜ መለስናቸው። አበራ አልዋሸም፤ አንበሳ ነበርን።

«አላልኩሽም?» አለ አበራ ወደ ልጁ ዞሮ።

«አንተ ግን በዘጠነኛው ቀን ወርደሃል» አልኩት።

እውነት ነው። ጭኑን ተመትቶ፣ ጥይት አራግፎ በተመለሰው አንድ ሄሊኮፕተር ከሦስት ቁስለኞች ጋር ሄደ። ሄሊኮፕተሩ ዳግም አልመጣም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አበራ አላየም።

በሬዎቹ በድርቅ የከሱ ነበሩ፤ ጮማ የሚባል አልነበራቸውም። ጤና ረዳታችን ሃምሳ አለቃ ክፍሌ ጉበቱና መቅኔው ለሁሉም እኩል ይከፋፈል እያለ ከአዛዣችን ከመቶ አለቃው ጋር ይከራከር ነበር። መቶ አለቃው ሥጋ እያለ ማን ይራባል ባይ ነው። ክፍሌ ግን «ጮማ የሌለው ሥጋ ብቻውን አያቆመንም» አለ። ሳቅንበት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሆዳችን ተበጠበጠ። እየበላን ይርበን ጀመር። ተቅማጡ፣ ራስ ምታቱ፣ የጉልበቱ መክዳት። ሁሉም አልታመመም፤ እኔን ብዙም አልነካኝም። ታደሰን ግን ጣለው።

የታደሰ ስም ሲነሳ አበራ ቀና አለ። ታደሰ በዘጠነኛው ቀን እሱን ተሸክሞ ሄሊኮፕተሩ ድረስ ያደረሰው ሰው ነው። በመድፍ መሞቱን ያውቃል። ከዚያ በላይ ጠይቆኝ አያውቅም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ውሃ እየቀዳን ነበር። የመጀመሪያው መድፍ ከፊታችን ወደቀ። ወደ ምሽጋችን ሮጥን። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ታደሰ ሁለት ጊዜ ተነሳ፤ ሁለት ጊዜ ጉልበቱ ከዳው። እጄን ዘረጋሁለት። «ሂድ፣ እመጣለሁ» አለኝ። ሁለተኛው መድፍ እሱ ላይ ወደቀ።

ህሊና እጇን አባቷ ትከሻ ላይ አደረገች።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» አለኝ አበራ።

«‹ጉልበቱን እኔን ተሸክሞ ጨረሰው› እንዳትል ፈርቼ» አልኩት።

አበራ እግሩን ከበርጩማው ላይ አወረደ። ከዚያ ነጠላ ጫማውን እንድታመጣለት ልጁን ጠየቃት። ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ ታክሲ ውስጥ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ እናወራ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ አፌ ተከፍቶ አልዘጋ አለኝ።

የመረመረችው ወጣት ሐኪም ሁለታችንንም አላስደሰተችም። ስኳሩ መውረዱን፣ ክብደት መቀነሱም እንደጠቀመው ስትናገር አበራ እንዳሸነፈ ሰው አየኝ። ቀጥላ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቆም አደገኛ መሆኑን፣ ኩላሊቱ ላይ ጫና መብዛቱን፣ የጣቱ እብጠት ሪህ እንደሆነና እንዲህ ያለው የሥጋ ብዛት እንደሚያባብሰው ነገረችው። ሥጋ ብቻ መብላት ለረጅም ዘመን ምን እንደሚያደርግ ሐኪሞችም ገና እንደሚከራከሩ አልደበቀችንም። ለዚህ ኩላሊት ግን ክርክር የለም አለች። ስለ ኮረብታው ጠየቅኋት። ጮማ ማጣቱ ይሁን፣ የምንጠጣው ውሃ ይሁን፣ ከዚህ ሆና መፍረድ እንደማትችል መለሰችልኝ። ሐቀኝነቷን ወደድኩት።

አበራ መድኃኒቱን ቀጠለ። ከሥጋው አጠገብ ጎመን ገባ። ዳቦን እንደራቀ ነው።

ከሠላሳ አራታችን አራቱ በሄሊኮፕተር ሄዱ። አሥራ ዘጠኛችን መንገዱ ሲከፈት በእግራችን ወረድን። አሥራ አንዱ እዚያው ቀሩ። የጦሩ መዝገብ ሰባቱን በጥይት፣ አራቱን በመድፍ ይላል። ክፍሌ ከሰባቱ ነው፤ ታደሰ ከአራቱ። መዝገቡ አልዋሸም። መድፉ ከመውደቁ በፊት ሰውዬው እንዴት እንደሰነበተ የሚጻፍበት ቦታ ብቻ አልነበረውም።

ማኪያቶ ይዘን ክርክሩ ሲነሳ አበራ አሁንም ጠረጴዛ እየመታ ይሟገታል፤ እኔም አልለቀውም። ኮረብታውን ግን ሁለታችንም ማስረጃ አናደርገውም።