ታች ቡሬ፣ ሦስተኛው የውሃ በር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ይህን የምጽፈው በሩ ላይ አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች ነው። በቃልሽ ንገሪያቸው ተብዬ ነበር፤ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ስለሚጠፋ ወረቀት ይሻለኛል አልሁ።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሄድሁት ፋብሪካ ልቀጠር ነበር። ደላላው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና "ፋብሪካው ሞልቷል፤ ታች ግን ሰው ይፈልጋሉ" አለኝ። ታች ሲል ቆላ መስሎኝ እሽ አልሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ አሮጌ ወፍጮ ቤት ጓዳ አስገባኝ። ከጓዳው ደረጃ ይወርዳል። ወረድሁ፣ ወረድሁ፤ በመጨረሻ ውሃ ሸተተኝ።

ታች ቡሬ እንደ ላይኛው ቡሬ ባጃጅ የለውም። መንገዱ ሁሉ ቦይ ነው። ቤቶቹ ከዓለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ሰው ከደጃፉ ታንኳ ይሳፈራል። ፀሐይ ስለሌለ፣ ነጋ የምንለው ከላይ ያለው ወፍጮ ማጉረምረም ሲጀምር ነው፤ መሸ የምንለው ደግሞ ዝም ሲል። ላይ መብራት የጠፋ እንደሆነ ከተማው በሙሉ ተኝቶ ይውላል።

በመጀመሪያው ቀን የተቀበሉኝ አያ ደምለው ናቸው። የውሃ አባት ነበሩ፤ ለየሰፈሩ የውሃ ተራ የሚያከፋፍሉት፣ በሮቹንም ሁሉ የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው ሥር በረኛ አለ፤ ከበረኛው ሥር እንደ እኔ ያለ ሳንቃ ፋቂ።

"ስምሽ ማን ነው?" አሉኝ።

"ስንዱ።"

"ማን?"

"ስንዱ።"

"አንች ልጅ፣ ለትንኝ ነው የምትነግሪው? ጮክ በይ!"

አያ ደምለው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ፏፏቴ ሥር ስለሆነ ጆሯቸው ደክሟል። የእኔ ድምፅ ደግሞ ከጥርሴ አያልፍም። ከዚያ ቀን ወዲያ ስሜን የጠሩበት ቀን ጥቂት ነው፤ ከሩቅ ሲያዩኝ ገና ሳልናገር "ጮክ በይ!" ይሉኛል። ባልደረቦቼም እሱኑ ቅጽል ስሜ አድርገውት ቀሩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሦስተኛው በር ግራና ቀኝ ሁለት የወይራ ሳንቃዎች አሉት፤ አንዱ ሳንቃ አንድ ታንኳ ብቻ ያሳልፋል። ሳንቃው በሰንሰለት ተንጠልጥሎ በመዘውር ይነሳል። ውሃ ውስጥ ስለሚውል አረንቻታ የምንለውን አረንጓዴ ልጋግ ያበቅላል፤ አረንቻታው ካልተፋቀ ሳንቃው ግማሽ መንገድ ላይ ነክሶ ይቀራል። መፋቂያው አሮጌ ማጭድ ነው። ከታች ወደ ላይ ፋቁ፤ ከላይ ወደ ታች የፋቀ ሰው ልጋጉን በፊቱ ይቀበላል። እኔ ተቀብያለሁ።

ከሦስተኛው በር ውጭ ያለው ጨለማ የባለውሃው ነው። እውነተኛ ስሙን የሚጠራ የለም። መልኩንም አላውቅም፤ ያዩት ሰዎች ተመልሰው አልነገሩንም። ሳንቃ መስበር አይችልም። ነገር ግን የሰማውን ድምፅ ሁሉ ይይዛል፤ በጎረቤታችሁ ድምፅ "ክፈቱልኝ" ይላል። ተታልላችሁ የከፈታችሁ እንደሆነ አስከትሎት የሚገባው ውሃ የታችኛውን ሰፈር ከነሕፃናቱ ይውጠዋል።

ሰውን ከእሱ የምንለይበትን ዘዴ ያስተማሩኝ አያ ደምለው ናቸው።

"ማንም ይምጣ ማን፣ 'ይለፉ' በይው" አሉኝ። "ሰው ከሆነ 'ኧረ ከውስጥ ያሉት ይቅደሙ' ይላል። 'ይለፉ፣ በሞቴ' በይው። 'አይደረግም፣ እኔ ልሙት' ይላል። ሦስተኛ ስትለምኝው ይገባል። ባለውሃው ግን ስግብግብ ነው። ገና ይለፉ ሲሉት 'እሽ' ይላል።"

በእኛ አገር አንዴ ተጋብዞ እሽ የሚል ሰው ስለሌለ ዘዴው ሲሠራ ኖሯል።

አንድ ቀን ብቻ አስቸገረን። በፍኖተ ሰላም በኩል ባለው መውረጃ በርበሬና ጨው በታንኳ የጫነ ነጋዴ መጣ። "ይለፉ" አልሁት። "እሽ፣ አመሰግናለሁ" አለ። መዘውሩን ለቅቄ ወደ ኋላ ሮጥሁ።

"ምን ሆናችኋል? ሰው ነኝ! የቡሬ ሰው!" እያለ ሳንቃውን ይደበድባል።

"የቡሬ ሰው ቢሆንማ እምቢ ይል ነበር" አሉ አያ ደምለው።

"አዲስ አበባ ሰንብቼ ነው! ረስቼው ነው!"

አያ ደምለው አሰቡበት። "ያደርጋል" አሉ። "ሂድና እንደገና ና!"

ሰውየው ቀዝፎ ተመለሰና ደግሞ መጣ። ይለፉ ስንለው "በፍጹም፣ እናንተ እያላችሁ!" አለ። ሦስቴ ለመንነው፤ አልገባም። አምስቴ ለመንነው፤ ጭራሽ ወደ ኋላ ቀዘፈ። ተናዶ ነበር። በመጨረሻ አያ ደምለው ሽማግሌ ልከው አስገቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ክረምት ነበር። ላይ ሲዘንብ ታች ውሃ ይሞላል፤ አያ ደምለው የተደፈነ ቦይ ሊያዩ በታንኳ ከበሩ ወጡ። በረኛው ለክርስትና ወደ ላይ ሄዶ ስለነበር በሩ ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ብዙ ቆይቶ ከግራው ሳንቃ ጀርባ የአያ ደምለው ድምፅ መጣ። "ስንዱ፣ ክፈች። ታንኳዬ ተቀዷል፣ እየሰጠምሁ ነው።"

"ይለፉ" አልሁ።

"ኧረ ከውስጥ ያሉት ይቅደሙ።"

እግዜር ይመስገን ብዬ መዘውሩን ስይዝ፣ ከቀኙ ሳንቃ ጀርባ ያው ድምፅ "ስንዱ! ክፈች! ታንኳዬ ተቀዷል!" አለ።

መዘውሩን ለቀቅሁ።

"ማነህ አንተ?" አለ የቀኙ።

"እርስዎ ይቅደሙ" አለው የግራው።

"አይደረግም፣ አንተ ቅደም!"

"በሞቴ፣ እርስዎ።"

"እኔ ልሙት፣ አልቀድምህም!"

ባለውሃው ስንት ዘመን በራችን ሥር ተኝቶ ሲሰማ ጨዋነት ተምሯል። አያ ደምለው ደግሞ ወገባቸው ድረስ ውሃ ገብቶም ቢሆን ልማዳቸውን አይተዉም። በሁለቱም በኩል ከታንኳ ውስጥ ውሃ በቅል ሲቀዳ ይሰማኛል። ካልከፈትሁ ሰውየው ይሞታሉ፤ ተሳስቼ ከከፈትሁ ሰፈሩ ያልቃል።

ድሮም ትንሽ የነበረው ድምፄ ጨርሶ ሟሸሸ። ሁለቱን ሳንቃዎች እያየሁ "አያ፣ የትኛው ነዎት?" አልሁ። ለራሴም በደንብ የተሰማኝ አይመስለኝም።

"እኔ ነኝ፣ ልጄ። እዚህ ነኝ" አለ የግራው ወዲያው፣ በለሰለሰ አንደበት።

"ምን አልሽ?" አለ የቀኙ። "አንች ልጅ፣ አሁንም ለትንኝ ነው? ጮክ በይ እንጂ!"

የቀኙን መዘውር አዞርሁ።

አያ ደምለው ገቡ። ታንኳው ከሥራቸው ሊሰጥም ምንም አልቀረውም ነበር። ደረጃው ላይ ጎትቼ ሳወጣቸው መጀመሪያ ያሉት "ሦስተኛ ሳትለምኝኝ ለምን ከፈትሽ?" ነው። ከግራው ሳንቃ ጀርባ ባለውሃው በጨዋ ድምፅ "እንኳን ገቡ" አለ። እሳቸው አልሰሙትም።

ከሥራው የተማርሁት ይህ ነው። መልካም ንግግር በመስማት ብቻ ይጠናል፤ ማንም ይለምደዋል። ስለዚህ የባልደረባችሁን ሰላምታ ብቻ ሳይሆን የሚሳነውን ነገር እወቁ። ሳንቃም ከታች ወደ ላይ ይፋቃል።

አያ ደምለው ዘንድሮ ሥራ ለቀው ሰከላ ልጃቸው ዘንድ ሊኖሩ ወጡ። ለግሽ ዓባይ ጠበል ቅርብ ነው፤ ጆሯቸውን ይጠመቃሉ። እስከ ደረጃው ሥር ሸኘኋቸው። በሩን ሲያስረክቡኝ የመዘውሩን እጀታ በእጄ ላይ አኖሩት። ብዙ ልናገር አስቤ ነበር፤ "እግዜር ያክብርልኝ፣ አያ" ብቻ አልሁ፤ እሱም ከከንፈሬ አልራቀም።

ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ወደ እኔ አጎነበሱ።

"አልሰማሁሽም" አሉኝ። "ግን እንዳትጮሂ። እንዳለሽ ሁኚ።"