ቢሮ በምንጣፍ ክምር ላይ

ሐጀራ ዌብሳይት እየሠራች የምትኖር ልጅ ናት። ቢሮም አለቃም የላትም፤ ያላት አንድ ላፕቶፕና አብነት አካባቢ የተከራየቻት ጠባብ ክፍል ብቻ ናት። መርካቶ ሲኒማ ራስ አጠገብ ምንጣፍና መጋረጃ በጅምላ ለሚሸጡት ለጋሽ ማሙሸት ዌብሳይት ስትሠራ፣ ፎቶውን ሁሉ ራሷ አነሳች፤ ቀለሙንም "ይሄ ደበዘዘ፣ ያ ደመቀ" ባሏት ቁጥር ቀያየረች። ሲያልቅም ፓስወርዱን ሳይቀር አስረከበቻቸው። ገንዘቡን ግን ገና አልተቀበለችም።

"ነገ ነይ፣ ልጄ" አሏት።

በነጋታው ስትሄድ ዕቃ እያራገፉ ነው። ሌላ ቀን ባንክ ሄደዋል። ሌላ ቀን ደግሞ ኔትወርክ የለም። ስትደውልላቸው "ስብሰባ ላይ ነኝ" ይላሉ፤ ከጀርባቸው ግን ተሸካሚዎች "ዞር በል! ዞር በል!" እያሉ ሲጮኹ ይሰማታል። አንድ ቀን እንዲያውም ጎረቤት ነጋዴዎችን ጠርተው "ይቺ ናት የሠራችልኝ! እናንተም አሠሩ" ብለው አሞገሷት።

"አመሰግናለሁ ጋሼ፤ ሂሳቡስ?"

"አንቺ ደግሞ! ደንበኛ እያመጣሁልሽ! ከፈለግሽ መጋረጃ ምረጪ።"

"ክፍሌ መስኮት የለውም፣ ጋሼ።"

የዚያን ቀን ታክሲ ውስጥ እንባዋ መጣ። ከዚያ ሱቅ አንድ ጥቅል ምንጣፍ ሳይከፈልበት እንደማይወጣ ታውቃለች። የእሷ ሥራ ግን በሜትር አይለካ፣ በእጅ አይዳሰስ፤ ስለዚህ ለሳቸው እንደ ሥራም አልተቆጠረ።

ቅዳሜ፣ ገበያው ሲደራ፣ ላፕቶፗን ይዛ ሄደችና በሩ አጠገብ ካለው የምንጣፍ ክምር ላይ ተቀመጠች።

"ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው?" አሏት ጋሽ ማሙሸት።

"ልሠራ ነው። ሂሳቤን እስክቀበል ቢሮዬ እዚህ ነው።"

ምን እንደምትሠራ ለጠየቃት ደንበኛ ሁሉ በትሕትና ትመልሳለች፦ "ዌብሳይት ነው። የዚህንም ሱቅ የሠራሁት እኔ ነኝ። አልተከፈለኝም፤ እሱን እየጠበቅኩ ነው።" የሰማ ሁሉ ዞሮ ጋሽ ማሙሸትን ያያል። ከወልቂጤ የመጣ አንድ ቸርቻሪ "ለኛ ዱቤ ከልክለው እርስዎ ሰው በዱቤ ያሠራሉ?" ሲላቸው ሱቁ በሳቅ ሞላ።

ጋሽ ማሙሸት አልሳቁም። ገንዘብ ያዧን ጠሩ፦ "ታንጉት! ለዚች ልጅ ላኪላት!" ከዚያ ወደ ሐጀራ ዞሩና "ግን ቀንሺልኝ" አሉ።

"ጋሼ! ሥራው እኮ አልቋል!"

"ቢያልቅስ? መርካቶ ውስጥ ሳይቀነስ የሚሸጥ ምን አለ?"

ታንጉት ስልኳን እንደያዘች አንዴ እሳቸውን አንዴ ሐጀራን ታያለች። ሐጀራ ታከታት። ጥቂት ቀነሰችላቸው። ገንዘቡ ሲገባላት እንኳ ደስ አላላትም፤ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ክር አራግፋ ወጣች።

ደጅ ላይ አንድ የሳህን ነጋዴ አስቆሟት። እሳቸውም ማሠራት ይፈልጋሉ።

"ግማሹን ሳልጀምር ነው የምቀበለው" አለቻቸው። "ቀሪውን ደግሞ ፓስወርዱን ሳልሰጥዎት።"

"ምነው፣ አታምኚኝም እንዴ?"

"አምንዎታለሁ። ግን ግማሹን አስቀድሜ ነው።"

እስቲ ላስብበት ብለው ቁጥሯን ተቀበሏት፤ አልደወሉም። ከሳምንታት በኋላ የደወለችላት በርበሬ በረንዳ ቅመም የምትሸጥ ሴት ናት። ሐጀራ የቅድሚያ ክፍያውን ነገር ገና ስትጀምር ሴትየዋ "እሺ" ብላ ግማሹን ወዲያው ላከችላት። ሐጀራም ለክርክር ያሰናዳችውን ሁሉ ትታ ላፕቶፗን ከፈተች።